ዕጢው ውስጥ ማን አለ? ሜላኖማ፣ ሳርኮማ እና የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት

በጃንዋሪ 2020 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ ቀን ሦስት ጥናቶችን አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። አንዱ ከፓሪስ፣ አንዱ ከአሜሪካዋ ሂዩስተን፣ አንዱ ደግሞ ከስዊድን የመጣ ነው። የሂዩስተንና የስዊድን ተመራማሪዎች ትኩረታቸው በዋናነት ሜላኖማ ላይ ነበር። የፓሪሶቹ ያጠኑት ሳርኮማን ነው። የደረሱበት ነገር ግን ይመሳሰላል። ቢ-ሴል የሚባሉት ተከላካይ ሕዋሳት ዕጢው ውስጥ በሥርዓት ተሰባስበው ከተገኙ፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች የተሻለ ይሠራሉ።

ሁለቱ ካንሰሮች ሲታዩ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይሻላል።

ሜላኖማ የሚነሳው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። ሳርኮማ ደግሞ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከጅማት፣ ከደም ሥርና ከመሳሰሉት ይነሳል። ከአጥንት የሚነሳም አለ፤ እዚህ የማወራው ግን በአብዛኛው ስለ ለስላሳው የሰውነት ክፍል ነው። ይህኛው አዋቂዎችን ከሚይዙት ካንሰሮች ሁሉ 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ትንሽ መሆኑ ሳያንስ ከ50 በላይ ዓይነት አለው። ብዙ ሐኪሞች አንዳንዶቹን ዓይነቶች በሥራ ዘመናቸው አንዴም ላያዩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ምርምሩ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ የቀረው። የሚበቃ ታካሚ ካልተገኘ ጥናት አይሠራም።

አሁን ወደ ዘረመል እንግባ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ዲኤንኤን ይጎዳል። ጉዳቱ በደንብ ካልተጠገነ እንደ ስህተት ተጽፎ ይቀራል። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታየው ሜላኖማ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተጠራቀመ የዓመታት ጉዳት ውጤት ነው። ከእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ውስጥ ከ10 በላይ የተበላሹ ማግኘት የተለመደ ነው። ከሁሉም ካንሰሮች ብዙ ስህተት ከሚሸከሙት አንዱ ነው።

ሳርኮማ ከዚህ በጣም ይለያል። በ2017 የአሜሪካው የካንሰር ጂኖም ፕሮጀክት 206 የአዋቂዎች ሳርኮማዎችን አንብቦ ውጤቱን አሳተመ። አንድ በአንድ የተበላሹ ፊደሎች ጥቂት ናቸው፤ በሚሊዮን 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሙሉ የክሮሞዞም ቁራጮች ተባዝተዋል፣ ወይም ጠፍተዋል። ለምሳሌ ከስብ በሚነሳው ሊፖሳርኮማ በብዛት የሚታየው ኤምዲኤም2 የተባለው ጂን ከልክ በላይ ተባዝቶ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከዚህም የቀለለ የሚመስል ታሪክ አላቸው። ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁራጮቻቸው ይለዋወጣሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው አዲስ ፕሮቲን ይሠራሉ። ወጣቶችን በሚይዘው ሲኖቪያል ሳርኮማ የሚጣበቁት ከኤክስ እና ከ18ኛው ክሮሞዞም የመጡ ናቸው። ይህ አንድ ስህተት ብቻውን በሽታውን ለመጀመር ይበቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ንባብ ለታካሚው ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ጥቅም በሽታውን በትክክል መለየት ነው። ክሊር ሴል ሳርኮማ የሚባል ካንሰር አለ። ወጣቶችን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ እግርና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ካሉ ጅማቶች አጠገብ ይነሳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማ ይመስላል። ሜላኖማን ለመለየት የሚያገለግሉት ቀለሞች እሱንም ይቀቡታል። ባለሙያን ሁሉ ሊያሳስት ይችላል። በዘረመል ግን ይለያያሉ። ክሊር ሴል ሳርኮማ 12ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ሲለዋወጡ የተፈጠረ የተጣበቀ ጂን አለው፤ ሜላኖማ የለውም። ይህ ምርመራ ካልተደረገ ታካሚው የሌላ በሽታ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅም መድኃኒት ነው። በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች ጂስት የተባለው የጨጓራና የአንጀት ሳርኮማ ኪት በሚባል ጂን ስህተት እንደሚነሳ አሳዩ። በ2000 ፊንላንድ ውስጥ አንዲት ታካሚ ለደም ካንሰር የተሠራውን ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ጀመረች፤ ዕጢዋም ቀነሰ። በ2002 መድኃኒቱ ለጂስት ተፈቀደ። ኬሞ ምንም የማያደርገው በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ለዓመታት የሚያዝ ሆነ። በዚያው በ2002 ደግሞ ከሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ቢራፍ የተባለ ጂናቸው የተበላሸ መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያው የቢራፍ መድኃኒት ቬሙራፌኒብ በ2011 መጣ። ዕጢዎች በሳምንታት ውስጥ ሟሙ። ግን ደስታው አልቆየም፤ በብዙዎቹ ላይ በሽታው በወራት ውስጥ መንገድ ቀይሮ ተመለሰ። አሁን ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙም አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ቀጥሎ ያለው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጉዳት የተሻለ ይከላከላል። ስለዚህ «ሜላኖማ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። እኛ ዘንድ የሚታየው ሜላኖማ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው። የእግር መርገጫ፣ የእጅ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። አክራል ሜላኖማ ይባላል። ቦብ ማርሊን በ1981፣ በ36 ዓመቱ የገደለው ይሄው ነው፤ የተነሳው ከእግሩ አውራ ጣት ነበር። በ2017 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የ183 ሜላኖማዎችን ሙሉ ጂኖም አንብበው ሲያሳትሙ አንድ ትልቅ ነገር ታየ። አክራል ሜላኖማ የፀሐይ ጉዳት ፊርማ እምብዛም የለበትም። የተበላሹ ፊደሎቹ ጥቂት ናቸው፤ የተሰባበሩና የተባዙ የክሮሞዞም ቁራጮቹ ግን ብዙ። በዘረመሉ ከፀሐይ ሜላኖማ ይልቅ ወደ ሳርኮማ ይጠጋል ማለት ይቻላል። ለመከላከል አቅም መድኃኒቶች የሚሰጠው ምላሽም ከፀሐዩ ያነሰ ነው። የምንሰማው የሜላኖማ ስኬት በአብዛኛው የሌላኛው ዓይነት ነው። ይህን ማወቅ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ለእኛ የሚሆነው ጥናት ገና ብዙ እንደሚቀረው ለመናገር ነው።

ወደ ተከላካይ ሕዋሳት ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሳርኮማ ነው። በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ ዊሊያም ኮሊ የሚባል ወጣት ቀዶ ጠጋኝ አንዲት የ17 ዓመት ታካሚውን በአጥንት ሳርኮማ አጣ። ሐዘኑ አላስቀመጠውም። የቆዩ የሆስፒታል መዝገቦችን ሲያገላብጥ፣ አንገቱ ላይ ሳርኮማ የነበረበት ሰው ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን በኋላ ዕጢው እንደጠፋ አነበበ። ሰውየውን ፈልጎ አገኘው፤ በሕይወት ነበረ። ከዚያ በኋላ ኮሊ በታካሚዎቹ ላይ ሆን ብሎ ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። አንዳንዶቹ ዳኑ። ብዙዎቹ አልዳኑም፤ በኢንፌክሽኑ የሞቱም ነበሩ። ለምን እንደሚሠራ ማንም ማስረዳት ስላልቻለ ጨረርና ኬሞ ሲመጡ ነገሩ ተረሳ።

መልሱ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ቲ-ሴል የሚባሉት ተከላካይ ሕዋሳት ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚይዛቸው ፍሬን አላቸው። ካንሰር ይህን ፍሬን ረግጦ ይይዝባቸዋል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን፣ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ ፒዲ-1 የተባለውን ፍሬን አጠኑ። በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ፍሬኑን የሚያስለቅቁት መድኃኒቶች መጀመሪያ የተፈቀዱት ለሜላኖማ ነው፤ ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014። ከዚያ በፊት የተሰራጨ ሜላኖማ ያለባቸው አብዛኞቹ ታካሚዎች አንድ ዓመት አይሞላቸውም ነበር። ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ በአንድ ላይ ከወሰዱት ውስጥ ግን 43 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ2015 ሜላኖማ ጉበታቸውና አንጎላቸው ድረስ ሄዶ ነበር። ዕድሜያቸው 90 ነበር። በቀዶ ጥገና፣ በጨረርና በፔምብሮሊዙማብ ታክመው እስከ 100 ዓመታቸው ኖሩ።

ዋጋ ግን አለው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ-ሴሎቹ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የታይሮይድ ዕጢን፣ አልፎ አልፎ ልብንም ሊያጠቁ ይችላሉ። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ላይ ከወሰዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ካለዎት፣ ተቅማጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲጀምረው «ያልፋል» ብሎ እንዳይጠብቅ ይንገሩት። በዚያው ቀን ለሐኪሙ መደወል አለበት። ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛው ይታከማል።

ሜላኖማ ላይ ለምን ሠራ? ቀላሉ መልስ የስህተቱ ብዛት ነው። የተበላሸ ዲኤንኤ የተበላሸ ፕሮቲን ይሠራል፤ ቲ-ሴልም ያንን እንደ ባዕድ ያየዋል። ስህተት በበዛ ቁጥር የሚታይ ነገር ይበዛል። በዚህ ሒሳብ ሳርኮማ ተስፋ ሊኖረው አይገባም ነበር።

በ2017 የወጣ ጥናት ይህን ፈተነ። 40 የለስላሳ ሳርኮማ ታካሚዎች፣ ከአራት ዓይነት አሥር አሥር ሆነው፣ ፔምብሮሊዙማብ ወሰዱ። ከጡንቻ በሚነሳው ሊዮማዮሳርኮማ ከአሥሩ የአንዱም አልቀነሰም። በሲኖቪያል የአንዱ፣ በሊፖሳርኮማ የሁለቱ ቀነሰ። ምንጩ በውል በማይለየው፣ በአጭሩ ዩፒኤስ በሚባለው ዓይነት ግን የአራቱ ቀነሰ። አራቱም «ሳርኮማ» ናቸው፤ ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም።

ሒሳቡን ጨርሶ ያፈረሰው ሌላ ነው። አልቪዮላር ሶፍት ፓርት ሳርኮማ እጅግ ብርቅ ነው፤ ወጣቶችን ይይዛል። ያለው አንድ የተጣበቀ ጂን ነው፤ ከዚያ ሌላ ስህተት የለውም ማለት ይቻላል። ኬሞ አይነካውም። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም መሪነት በተደረገ ጥናት 52 ታካሚዎች አቴዞሊዙማብ የተባለውን ሌላ ፍሬን አስለቃቂ መድኃኒት ወሰዱ፤ የ19ኙ ዕጢ ቀነሰ። መድኃኒቱ በዲሴምበር 2022 ለዚህ በሽታ ተፈቀደ። ስህተት መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ታዲያ ምን ይታይ? የፓሪሶቹ ጥናት ጥሩ መልስ የሰጠው እዚህ ላይ ነው። 608 ሳርኮማዎችን ወስደው የተበላሸውን ጂን ሳይሆን ዕጢው ውስጥ የገቡትን ተከላካይ ሕዋሳት ተከተሉ። ዕጢዎቹ በአምስት ቡድን ተከፈሉ። በአንዱ ጫፍ ተከላካይ ሕዋስ የሌለባቸው አሉ። በሌላው ጫፍ ቢ-ሴል፣ ቲ-ሴልና ሌሎችም ተሰባስበው፣ ሊምፍ ኖድ (የተከላካይ ሕዋሳት መሰብሰቢያ የሆነው ንፍፊት) ውስጥ የሚታየውን ዓይነት አደረጃጀት የሠሩባቸው አሉ። ለፔምብሮሊዙማብ ከሁሉም የተሻለ ምላሽ የሰጡት እነዚህኞቹ ናቸው። ይህ ቡድን አንድን የሳርኮማ ዓይነት ብቻ የያዘ አልነበረም፤ ከተለያየ ዓይነት የመጡ ነበሩበት።

ፈረንሳዮቹ በወረቀት አላቆሙም። ያለ ምርጫ ለሁሉም ሲሰጥ የ2.4 በመቶውን ታካሚ ዕጢ ብቻ ያሳነሰ ሕክምና ነበራቸው። በ2022 ያንኑ ሕክምና ይህ የሕዋሳት ስብስብ ለተገኘባቸው ብቻ ሰጡ። ቁጥሩ 30 በመቶ ደረሰ። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን እንደሚወስደው ነው።

እኛ ሀገር ግን የመከላከል አቅም ሳርኮማን እንደሚያሸንፍ ከዚህ ቀደም ታይቷል። ካፖሲ ሳርኮማ ቆዳ ላይ፣ አንዳንዴም አፍና ሳንባ ውስጥ የሚወጣ የደም ሥር ካንሰር ነው። በ1994 የተገኘ የሄርፒስ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ያመጣዋል። ኤችአይቪ የመከላከል አቅምን ሲያዳክም ይስፋፋል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ፣ ከጥቅሞቹ አንዱ ይህ ነበር፤ የመከላከል አቅሙ ሲያገግም ቀላል የሆነው ካፖሲ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሟሟል።

ሌላኛው የምርምር መንገድ ሕዋሳቱን ከሰውነት አውጥቶ ማሰልጠን ነው። ስቲቨን ሮዘንበርግ በአሜሪካ ከሜላኖማ ዕጢዎች ውስጥ ቲ-ሴሎችን አውጥተው፣ በላብራቶሪ አብዝተው ለታካሚው መመለስን በ1980ዎቹ ጀመሩት። ይህ ሕክምና ፈቃድ ያገኘው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። በ1991 ደግሞ ቤልጅየም ውስጥ የቲየሪ ቡን ቡድን በአንድ ሜላኖማ ታካሚ ላይ ቲ-ሴሎች የሚያጠቁትን ነገር ለየ። ሜጅ የሚባል የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ከዘር ፍሬ በስተቀር በጤነኛ የአዋቂ ሰውነት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሲኖቪያል ሳርኮማ ላይ ግን ሜጅ-ኤ4 የተባለው የቤተሰቡ አባል በብዛት ይገኛል። የታካሚውን ቲ-ሴል ሜጅ-ኤ4ን እንዲያጠቃ በዘረመል የሚያሰለጥን ሕክምና ተሠራ። ከ44 ታካሚዎች ውስጥ የ43 በመቶዎቹ ዕጢ ቀነሰ፤ በኦገስት 2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሜላኖማ ላይ የተገኘ ፍንጭ ከ33 ዓመት በኋላ የሳርኮማ መድኃኒት ሆነ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ሕክምና የሚሠራው ኤችኤልኤ-ኤ2 የሚባል የዘር ዓይነት ላላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ኤችኤልኤ ሕዋሳት የፕሮቲን ቁርጥራጭ ይዘው ለቲ-ሴል የሚያሳዩበት ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ከወላጅ ይወረሳል። ኤ2 በአውሮፓውያን ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ የተሠራው ብዙ ሰው ያለው ዓይነት ላይ መሆኑ ይገባኛል። ሆኖም ጥናቶቹ እኛን ካላካተቱ መድኃኒቱም እኛን አያውቀንም። በውጭ ሀገር የምትኖሩ፣ ሐኪም ስለ ክሊኒካል ጥናት ሲያነሳላችሁ ቢያንስ ጥያቄ ሳትጠይቁ እምቢ አትበሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሽታው በጊዜ መታወቅ አለበት። ሳርኮማ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። እብጠቱን «ስብ ነው» ብሎ መተው፣ ወይም ወድቄ ነው ብሎ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሸት የተለመደ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ወይም ከቆዳ በታች ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ እብጠት መታሸት የለበትም፤ መመርመር አለበት። ሐኪሙም ምንነቱን ሳያውቅ ዝም ብሎ ባይቆርጠው ይመረጣል። መጀመሪያ ምስል፣ ቀጥሎ በመርፌ ናሙና፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ነው ቅደም ተከተሉ። በተሳሳተ መንገድ የተቆረጠ ሳርኮማ ሕዋሱን ዙሪያው ይበትናል፤ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል። የእግር መርገጫ ላይ የወጣ፣ ቅርጹን ወይም መልኩን የሚቀይር ጥቁር ምልክትም እንደዚሁ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ያለና የማይለወጥ ማርያም የሳመችው አያሳስብም። አዲስ የወጣ፣ የሚሰፋ፣ የሚደማ፣ ወይም ጥፍር ሥር እንደ ጥቁር መስመር ሆኖ የሚወፍር ግን ይታይ።

ቀዶ ጥገናውም ራሱ ጊዜው እየተቀየረ ነው። በ2024 ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንዱ ሜላኖማ ላይ፣ አንዱ የእጅና የእግር ሳርኮማ ላይ። ሁለቱም ፍሬን አስለቃቂውን መድኃኒት ከቀዶ ጥገና በፊት ጀመሩ። ሐሳቡ ዕጢው እዚያው እያለ ቲ-ሴሎች ጠላታቸውን በደንብ እንዲያውቁት ነው። ከሜላኖማዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ በሽታው ያልባሰባቸው ወይም ያልተመለሰባቸው 84 በመቶ ያህል ሆኑ፤ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ደግሞ 57 በመቶ። በሳርኮማው ፔምብሮሊዙማብ ከጨረር ጋር የወሰዱት ከሁለት ዓመት በኋላ 67 በመቶ ያህሉ በሽታው አልተመለሰባቸውም፤ ጨረርና ቀዶ ጥገና ብቻ ካገኙት 52 በመቶ።

መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለአብዛኛው ሰው አይደረስባቸውም። የቢ-ሴሎቹን ስብስብ መፈለግ ግን የጂኖም ማሽን አይፈልግም። በሰም የተቀመጠ የዕጢ ናሙና፣ ሲዲ20 የሚባለው ቢ-ሴልን የሚለይ ቀለምና የሚያነብ ፓቶሎጂስት (ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ይበቃል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው ካለዎት ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ናሙናው በደንብ በፎርማሊን ተቀምጦ ወደ ፓቶሎጂ መሄዱን፣ ከዚያም በኋላ የሰሙ ብሎክ የት እንደሚቀመጥ። ብሎኩ ለዓመታት አይበላሽም፤ ሌላ ምርመራ ሲያስፈልግ ከዚያው ተቆርጦ ይሠራል።